መጽሐፍ ተከፍቶ ለሚሠራ ፈተና በሕግ መጽሐፋችን ላይ ምን ዓይነት ምልክት ማድረግ ይፈቀዳል?

ከጦሳ ሥር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደሴ ውስጥ ሕግ የምማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የውል ሕግ የማጠቃለያ ፈተናችን መጽሐፍ ተከፍቶ የሚሠራ እንዲሆን ተወስኗል። በትምህርት ክፍሉ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ግን ተማሪዎች «ያልተጻፈበት የፍትሐ ብሔር ሕግ» ይዘው መግባት እንደሚችሉ ከመግለጽ በቀር ምን እንደ ጽሑፍ እንደሚቆጠርና ምን እንደማይቆጠር አንድም ነገር አይናገርም። ጥያቄዬም የሚነሣው ከዚሁ ነው።

በእጄ ያለው መጽሐፍ በስፓይራል የተጠረዘ ፎቶ ኮፒ ሲሆን የገዛሁት ከአንዲት ሲኒየር ስለሆነ አብዛኛው ምልክት የእኔ አይደለም። ብዙ አንቀጾች በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮባቸዋል። ከአንቀጽ 1675 ጀምሮ ስለ ውል በጠቅላላው የሚናገረው ክፍል ከሞላ ጎደል በቢጫ ሃይላይተር የተቀባ ነው፤ በየአርእስቱ መጀመሪያም ትንንሽ ተለጣፊ ወረቀቶች ወደ ውጭ ብቅ ብለው ይታያሉ። በህዳጉ ላይ የአንቀጽ ቁጥሮች አሉ፤ ለምሳሌ ከ1723 ጎን «1727፣ 1720» ተብሎ ተጽፏል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥና የያዝኩትም የእንግሊዝኛው ቅጂ ስለሆነ በአንዳንድ ከባድ ቃላት ላይ የአማርኛ ፍቺያቸው በእርሳስ ሰፍሯል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የኋላው ባዶ ገጽ ነው፤ የቀድሞዋ ባለቤት አንድ ውል እንዲጸና መሟላት ያለባቸውን ሁኔታዎች በራሷ አነጋገር አሳጥራ ግማሽ ገጽ ያህል በእስክሪብቶ ጽፋበታለች።

እንግዲህ ከነዚህ ሁሉ መጽሐፉን «የተጻፈበት» የሚያሰኘው የትኛው ነው? ጓደኞቼ በዚህ ጉዳይ ተከፋፍለዋል። ፊደልና ቁጥር እስከሌለ ድረስ ቀለም ብቻውን ጽሑፍ አይባልም የሚሉ አሉ፤ ነጥብ እንኳ ያረፈበት መጽሐፍ ንጹሕ አይደለም ብለው የሚከራከሩም አሉ። ባለፈው ሴሚስተር በሌላ ትምህርት ፈተና ላይ በአንዱ ክፍል የነበሩት ፈታኝ ተለጣፊ ያለባቸውን መጻሕፍት በር ላይ ሲሰበስቡ፣ በጎረቤት ክፍል የነበሩት ደግሞ ገልጠው ሳያዩ አሳልፈዋል። ይህን የማነሣው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ደንቡ እንደ ክፍሉ የሚለያይ ከሆነ ተማሪው ምን ይዞ እንደሚገባ አስቀድሞ ማወቅ ስለማይችል ነው።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። በ1952 ዓ.ም. ከወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ስለ ቤተሰብ የሚናገረው ክፍል በሌላ ሕግ መተካቱን ተምረናል። በተሻሩት አንቀጾች ላይ በማስመሪያ መስመር መሠረዝስ እንደ ጽሑፍ ይቆጠራል?

ሰኞ ገበያ

አብሽሪ እኅቴ፤ በዚህ የምትጨነቂው የመጀመሪያዋ ተማሪ አንቺ አይደለሽም። እኔ አምስተኛ ዓመት ላይ ነኝ። እስካሁን በተቀመጥኩባቸው መጽሐፍ ተከፍቶ የሚሠሩ ፈተናዎች ሁሉ ማስመርና ማቅለም ያለ ክርክር ሲያልፍ አይቻለሁ፤ በዐረፍተ ነገር የተጻፈ ነገር ግን ሲያልፍ አላየሁም። መካከል ላይ ያሉት፣ ማለትም ተለጣፊው፣ የአንቀጽ ቁጥሩና የቃል ፍቺው፣ እንደ መምህሩ ይለያያሉ።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ተወካያችሁን ይዛችሁ ኮርሱን ወደሚያስተምሩት መምህር አብራችሁ ሂዱ። እያንዳንዱ ተማሪ ቢሮ እየገባ ለየብቻው ከጠየቀ እያንዳንዱ የተለያየ መልስ ይዞ ይወጣል፤ የፈተናው ዕለት ደግሞ መምህሩ በአንዱ ክፍል ሲሆኑ በሌላው ክፍል የሚቆሙት ኮርሱን የማያውቁ ፈታኝ ሊሆኑ ይችላሉ። «መምህሩ ፈቅደውልናል» የሚል የቃል ማስረጃ በር ላይ ዋጋ የለውም። መልሱ በማስታወቂያው ላይ በጽሑፍ እንዲጨመርና አንድ አንድ ቅጂው ለየክፍሉ ፈታኝ እንዲሰጥ ጠይቁ።

በእርሳስ ጽፎ «ካልተፈቀደ በላጲስ አጠፋዋለሁ» የሚለውን ዘዴ ግን ተዉት። ፈታኝ ሲመጣ ማጥፋት የጀመረ ተማሪ የጻፈው ነገር ምንም ይሁን ምን ነገር እየደበቀ ነው የሚመስለው፤ በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ደግሞ የፈተና ኩረጃ ከባድ ጥፋት ነው። ያልተፈቀደ መሆኑን የምትጠረጥሩትን ከቤት አጥፍታችሁ ውጡ።

ከሐይቅ ዳር

በሕግ መምህርነት እሠራለሁ። የጠያቂዋ ትምህርት ክፍል ባልደረባ ግን ስላልሆንኩ የምለው የእርሷን ፈታኝ የሚያስገድድ አይደለም።

እኔ ነገሩን የምመዝነው ምልክቱ በምን መሣሪያ እንደተጻፈ ሳይሆን ምን ሥራ እንደሚሠራ በማየት ነው። አንዳንዱ ምልክት አንባቢውን በመጽሐፉ ውስጥ ወዳለ ቦታ ይመራዋል እንጂ በመጽሐፉ ያልነበረ ነገር አይጨምርም። ማስመር፣ ማቅለምና የአርእስት ተለጣፊ ከዚህ ወገን ስለሆኑ እፈቅዳቸዋለሁ። ሌላው ምልክት ከውጭ ዕውቀት ያስገባል፦ የመምህሩ ማብራሪያ፣ የተሠራ ጥያቄ መልስ፣ ወይም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ስለ አንቀጹ የሰጠው ትርጉም። የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም አስገዳጅ መሆኑ እውነት ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አካል ግን አይደለም፤ ፈተናው እንዲያስታውሱ የሚፈልገውም ምናልባት እርሱኑ ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በእስክሪብቶም ይስፈር በእርሳስ ያው አጤሬራ ነው። ጠያቂዋ የጠቀሰችው የኋላ ገጽ ማጠቃለያም ከዚህ ይመደባል። አንቀጽ 1678 የሚዘረዝራቸውን ቃል በቃል ቢገለብጥ ኖሮ እንኳ ትርፍ ነገር እንጂ ሌላ ባልሆነ ነበር፤ «በራሷ አነጋገር» ከተባለ ግን የመልስ ረቂቅ ነው።

የሚያከራክረው የአንቀጽ ቁጥርን ከአንቀጽ ጋር ማያያዝ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። አንድ ሰው ደሴ ያለውን ቤቱን በጽሑፍ ውል ሸጠ፤ በውሉ ላይ የፈረመው ምስክር አንድ ብቻ ነው፤ ውሉ በፍርድ ቤትም ሆነ በአዋዋይ ፊት አልተመዘገበም፤ ገዢው ግን የዋጋውን እኩሌታ ከፍሎ ቤቱ ውስጥ ገብቷል ብለን እንጠይቅ። ተማሪው አንቀጽ 1723ን አግኝቶ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ እንዳለበት ይረዳል፤ ከዚያ የጽሑፍ ውል እንዴት እንደሚደረግ ለማየት ወደ 1727 ሄዶ የሁለቱን ምስክሮች ነገር ያገኛል፤ የተወሰነው ፎርም ሳይሟላ ሲቀር የሚከተለውን ከ1720 ያነባል፤ የተከፈለው ገንዘብ እንዴት እንደሚመለስ ለማወቅም ወደ 1815 ይሻገራል። የምፈትነው ይህንኑ ከአንዱ አንቀጽ ወደ ሌላው የመሻገር ችሎታ ነው። ከ1723 ጎን «1727፣ 1720» ተብሎ የተጻፈለት ተማሪ መንገዱን ሌላ ሰው ሄዶለታል። በመሆኑም በመሠረታዊ የውል ሕግ ፈተና ላይ የአንቀጽ ቁጥር ማያያዝን አልፈቅድም፤ ተመራቂ ተማሪዎች ረጅም ጉዳይ ተሰጥቷቸው የሕግ አስተያየት በሚጽፉበት ፈተና ላይ ግን እፈቅዳለሁ፤ በዚያ ደረጃ የሚመዘነው አንቀጹን ማግኘት ሳይሆን በአንቀጹ መከራከር ነውና።

ሌሎች አገሮችም በዚህ አንድ አቋም የላቸውም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ለሚያስተምራቸው የሕግ ተማሪዎች ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ደንብ ማስመርንና ማቅለምን ፈቅዶ ከዚያ ውጪ ያለውን ማንኛውንም የግል ጽሑፍ ይከለክል ነበር። በጀርመን ለሕግ ባለሙያዎች በሚሰጠው መንግሥታዊ ፈተና ደንቡ ከክልል ክልል ይለያያል፤ አንዳንዱ ምንም ምልክት የሌለበት መጽሐፍ ሲጠይቅ አንዳንዱ ማስመርንና የአንቀጽ ቁጥርን በመጠኑ ይፈቅዳል። ከሁለቱ አገሮች የሚወሰደው ነገር ደንቡ ጥብቅ ወይም ልል መሆኑ ሳይሆን፣ ተማሪው ከፈተናው በፊት ሊያነበው በሚችል መልኩ መጻፉ ይመስለኛል።

የቃል ፍቺን በተመለከተ ነጠላ ቃል በነጠላ ቃል መተርጎም ብዙም አያስጨንቀኝም፤ ከዚያ የሚሻለው ግን የአማርኛውንም ቅጂ ይዞ መግባት ነው። የሕጉ መሠረታዊ ረቂቅ በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ የተዘጋጀ ስለሆነ አማርኛውና እንግሊዝኛው እዚህም እዚያም የማይገናኙባቸው ቦታዎች አሉ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያነብ ተማሪ በህዳግ ከተጻፈ ፍቺ ይልቅ ብዙ ያተርፋል። ከዚያ በኋላ በነጋሪት ጋዜጣ የወጡት አዋጆች ሁለቱንም ቋንቋ በአንድ ገጽ ላይ ስለያዙ በእነርሱ ላይ ጥያቄው አይነሣም።

የተሻሩ አንቀጾችን መሠረዝ እፈቅዳለሁ፤ እንዲያውም እንዲደረግ እመክራለሁ። የቤተሰቡ ክፍል በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ተተክቷል፤ እዚህ ወሎ ግን የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። በንግድ ሕግ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። አዋጅ ቁጥር 1243/2013 የ1952ቱን የንግድ ሕግ ሙሉ በሙሉ አልሻረውም፤ ስለ ማጓጓዝና ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው ሦስተኛው መጽሐፍና ስለሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶችና ስለ ባንክ ሥራ የሚናገረው አራተኛው መጽሐፍ እስካሁን ይሠራሉ። ስለዚህ ተማሪው አሮጌውንም አዲሱንም ይዞ መግባት ይኖርበታል፤ በአሮጌው ላይ የቱ እንደቀረና የቱ እንደተሻረ በመስመር ካልለየ በፈተና ጭንቀት መካከል የሞተ አንቀጽ ሊጠቅስ ይችላል። የሠረዘበት መስመር ብቻውን ምንም ዕውቀት አያስገባም። አዲሱን ድንጋጌ በአሮጌው ህዳግ ላይ መጻፍ ግን አያስፈልግም፤ አዋጁን ይዞ መግባት ነው።

ከጦሳ ሥር (ጠያቂ)

መምህር፣ ጊዜ ሰጥተው በዝርዝር ስላብራሩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ነገ ከተወካያችን ጋር ወደ ኮርሱ መምህር እንሄዳለን። ተለጣፊን በተመለከተ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። በተለጣፊው ላይ «ስምምነት»፣ «ፎርም»፣ «ይርጋ» የሚሉ ቃላት ተጽፈዋል፤ ቃል ስለተጻፈበት ከጽሑፍ ይቆጠራል ወይስ የመጽሐፉ የራሱ አርእስት ስለሆነ ያልፋል?

የቦርከና ልጅ

እኔ ሕግ አላውቅም፤ ኮምቦልቻ ሲቪል ምሕንድስና ተምሬ አሁን ግንባታ ላይ ነው የምሠራው። እኛም ዘንድ የኮንክሪትና የብረት ዲዛይን ፈተናዎች ብዙውን ጊዜ መጽሐፍ ተከፍቶ ስለሚሠሩ ስለ ተለጣፊው የማውቀውን ልበል።

በተለጣፊ ላይ የተጻፈው ከመጽሐፉ ማውጫ በቀጥታ የተወሰደ አርእስት ከሆነ የሚቆጣ መምህር አላጋጠመኝም። ቁጣ የሚመጣው ተለጣፊው ሲሰፋ ነው። ሰፊ ተለጣፊ ማስታወሻ ይዞ ሊገባ ይችላል፤ በዚያ ላይ ተነቅሎ ከሰው ወደ ሰው ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ ጠባቡን ምረጪ፤ ከገጹ ጠርዝ ጥቂት ብቻ እንዲወጣ አድርጊና በፕላስተር አጣብቂው፤ ጀርባው ባዶ ይሁን። በቁጥርም አታብዢው። በየገጹ ተለጣፊ ያለበት መጽሐፍ ምንም ተለጣፊ ከሌለበት አይሻልም። ሃይላይተሩም እንዲሁ ነው፤ ሙሉ ክፍሉ ቢጫ ከሆነ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ምንም አልተቀለመም ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ትልቁ ክልከላ ልቅ ወረቀት ነበር። በመጽሐፉ መካከል የተሸጎጠ አንድ ወረቀት ቢገኝ በላዩ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን ምን ይወሰድ ነበር፤ ምክንያቱም ሊቀያየሩት ይችላሉ። ይህ የእኛ አገር ፈሊጥ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሲቪል መሐንዲሶች የሙያ ፈቃድ ፈተና በወረቀት ይሰጥ በነበረበት ዘመን ተፈታኙ መጻሕፍቱንና የራሱን ማስታወሻ ጭምር ይዞ መግባት ይችል ነበር፤ የሚጠየቀው ሁሉም የተጠረዘ እንዲሆን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ያ ፈተና ወደ ኮምፒውተር ዞሮ ተፈታኙ የሚጠቀመው በስክሪኑ ላይ የሚቀርብለትን ማጣቀሻ ብቻ ስለሆነ የምልክቱ ክርክር አብሮ ቀርቷል።

ከሲኒየር የተገዛ መጽሐፍን በተመለከተም ላስጠነቅቅሽ። የእኛ አሮጌ የኮንክሪት ደረጃ፣ የ1995 እ.ኤ.አ. ኢቢሲኤስ 2፣ «ሲ 25» ሲል የኩብ ጥንካሬን፣ ማለትም በኩብ ቅርጽ ተሠርቶ የሚፈተነውን የኮንክሪት ናሙና ጥንካሬ ነበር የሚናገረው። በ2015 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓው የግንባታ ደረጃ ከዩሮኮድ ተወስዶ የወጣው አዲሱ ደረጃ ግን «ሲ 20/25» ብሎ የሲሊንደር ናሙናውንም የኩቡንም ያስቀምጣል፤ በስሌት ውስጥ የሚገባውም የፊተኛው ቁጥር ነው። በአሮጌው ዘመን የተማረ ሰው በህዳግ ላይ የጻፈውን 25 ሳይጠይቅ አንሥቶ ስሌት ውስጥ የሚያስገባ ተማሪ ከመጀመሪያው መስመር ይሳሳታል። የሌላ ሰው ማስታወሻ ቢፈቀድልሽም እንኳ መቼ እንደተጻፈና በየትኛው ሕግ እንደተጻፈ አታውቂም። አንቀጽ ሲሻርም ያው ነው መሰለኝ።

ከወልድያ

ለመምህሩ ከአክብሮት ጋር፣ ስለ አንቀጽ ቁጥሮች በተናገሩት አልስማማም። በጥብቅና የምሠራ ሰው ነኝ። የእኔን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቢያዩት ህዳጉ ሁሉ በቁጥር፣ በመዝገብ ቁጥርና በጥያቄ ምልክት የተሞላ ነው። ችሎት ላይ ስቆም «ንጹሕ መጽሐፍ አምጣ» የሚለኝ ዳኛ የለም፤ እንዲያውም መጽሐፉን በደንብ የሠራበት ጠበቃ ነው ቶሎ የሚመልሰው። ተማሪው አንቀጽን ከአንቀጽ እያያያዘ መጽሐፉን እንዲያዘጋጅ ማድረግ ራሱ ትምህርት ነው። ይህን ከከለከልነው ተማሪው መጽሐፉን የሚከፍተው ፈተና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሆናል። ቁጥሩ ጥያቄውን የሚያቀልል ከሆነ ጥያቄውን ማክበድ እንጂ መጽሐፉን ማራቆት መፍትሔ አይመስለኝም።

ከሐይቅ ዳር

ወንድሜ፣ የራሱን መጽሐፍ ራሱ ያያያዘ ተማሪ ሁሉ ቢሆን ኖሮ ከእርስዎ ጋር በተስማማሁ ነበር። የሚያስቸግረው ግን ማያያዣው በገንዘብ የሚገዛ መሆኑ ነው። ደሴ ተወልዶ ያደገና ሲኒየር ዘመድ ያለው ተማሪ ለዓመታት የተሠራበት መጽሐፍ በእጁ ይገባል፤ ከደላንታ ወይም ከዋድላ ማንንም ሳያውቅ የመጣው ተማሪ ደግሞ ከፎቶ ኮፒ ቤት የወጣውን ባዶ ቅጂ ይዞ ይቀመጣል። ሁለቱ የሚሠሩት አንድ ጥያቄ ነው። የእርስዎ መጽሐፍ የእርስዎ ድካም ነው፤ የጠያቂዋ ግን፣ እርሷው እንደነገረችን፣ የሌላ ሰው ነው። ተማሪው ቁጥሮቹን ራሱ የጻፋቸው መሆኑን የማረጋግጥበት መንገድ ቢኖረኝ እፈቅድ ነበር። እስከዚያው የሚያዋጣው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ለፈተናው ቀን ንጹሕ ቅጂዎችን አዘጋጅቶ የራሱ የሌለውም የተጻፈበትም ተማሪ ከዚያ እንዲወስድ ማድረግ ነው፤ ፎቶ ኮፒው ዋጋ አለው፤ ሆኖም አንድ ጊዜ ከተዘጋጀ ለብዙ ዓመት ያገለግላል።

ለጠያቂዋ፦ በተለጣፊው ላይ ያሉት ሦስቱም ቃላት ከሕጉ አርእስቶች ጋር ስለሚሄዱ እኔ አሳልፋቸው ነበር፤ ለማንኛውም ነገ ስትሄዱ ከጥያቄዎቻችሁ አንዱ አድርጉት።

ከጦሳ ሥር (ጠያቂ)

ዛሬ ከተወካያችን ጋር ሄደን ነበር። መምህራችን ማስመርን፣ ማቅለምን፣ የተሻሩ አንቀጾችን መሠረዝንና አርእስት ብቻ የተጻፈበትን ተለጣፊ ፈቅደው፣ የአንቀጽ ቁጥር ማያያዝንና ማንኛውንም ዐረፍተ ነገር ከልክለዋል። የቃል ፍቺ የአማርኛው ቅጂ ስለተፈቀደ አያስፈልግም ብለዋል። በማስታወቂያው ላይ በፊርማቸው እንደሚጨምሩትም ነግረውናል። አሁን የቀረኝ የኋላው ገጽና በእስክሪብቶ የተጻፉት ቁጥሮች ናቸው፤ በነጭ ማጥፊያ ቀለም ብሸፍናቸው ይበቃል?

ሰኞ ገበያ

በነጭ ቀለም አትሸፍኚው፤ ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ከሥሩ ይነበባል፤ ፈታኙም ለምን እንደተሸፈነ መጠየቁ አይቀርም። የኋላው ገጽ ባዶ ወረቀት እንጂ የሕጉ አካል ስላልሆነ ስፓይራሉን ፎቶ ኮፒ ቤት አስፈትተሽ አውጪው። ቁጥሮች የተጻፉባቸውን ገጾች ደግሞ ከቤተ መጻሕፍቱ ቅጂ ላይ አስገልብጠሽ በቦታቸው አስገቢና እንደገና አስጠርዢው፤ አብዛኞቹ ከ1675 እስከ 2026 ባለው ውስጥ ስለሚሆኑ ያን ያህል ብዙ ገጽ አይደለም። የገጹን ቅደም ተከተል ግን ቆመሽ አረጋግጪ፤ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወረፋ ሲበዛባቸው ያዛቡታል።